ድልድዩ የሚነሣበት ቀን

ያን ቅዳሜ ከቤቴ ወጥቼ ወደ ባሕሩ ስወርድ ገና በደንብ አልነጋም፤ ቀኑ ግን ገና መንገድ ላይ ሳለሁ ነው የገባኝ። ከጎረቤቴ ከቦዲል ቤት ጭስ ማውጫ የሚወጣው ጭስ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይሄዳል። የወደቁት ፖሞች ሽታ ከዛፉ ሥር አልተነቃነቀም። ዳር ደርሼ ቆምኩ። ባሕሩ እንደ እርጎ ረግቷል። አንድ ቢጫ ቅጠል ውሃው ላይ ወድቆ እዚያው የወደቀበት ቦታ ተቀምጧል። ከማዶው ደሴት የሚመጣው መርከብ አይታይም፣ ሞተሩ ግን እጎኔ ያለ ያህል ይሰማኛል። ከኋላዬ ያለው ዳገትና ዳገቱ ላይ ያሉት ቤቶች ጉም ለብሰዋል። ኦክቶበር ውስጥ እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ በዓመት አንዴ ነው፤ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ አይመጣም። ቴርሞሜትሬን በገመድ አስሬ ውሃው ውስጥ ነከርኩት። አሥራ ሁለት ዲግሪ ይላል። ስልኬን አውጥቼ ለሁሉም ደወልኩ። «ዛሬ ነው።»

የኛ ድልድይ የትም አያሻግርም። ከዳር ተነሥቶ አርባ ሜትር ያህል ባሕሩ ውስጥ ይገባና በአንድ መሰላልና መደገፊያ በሌለው አግዳሚ ወንበር ያልቃል። በጋውን ሁሉ የሰፈሩ ሰው ከሱ ላይ እየዘለለ ይዋኝበታል። መጸው ሲገባ ደግሞ የክረምቱ ማዕበል ሳይሰባብረው ፈታትተን እናነሣዋለን። በየራሱ እግር የሚቆም አሥራ ሁለት የሳንቃ ርብራብ ነው፤ አንዱን ርብራብ ለሁለት ተሸክመን ከጀልባ ቤቱ ኋላ እንከምራለን። ሥራው ቀላል ነው፤ ከባዱ ቀኑን መምረጥ ነው። ቶሎ ካነሣነው ዋናተኛው ሁሉ ያኮርፋል፤ ከዘገየን ባሕሩ ይወስደዋል። ቀኑን የሚመርጠው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን የድልድይ አለቃ እንለዋለን።

ሠላሳ ሦስት ዓመት አለቃው አባቴ ሲግቫልድ ነበር። እስከ መጨረሻው መጸው ድረስ አንድ ሳንቃ ለባሕሩ አስበልቶ አያውቅም። ከዚያ አለቃዋ እኔ ሆንኩ። እንዴት እንደሆንኩ ልንገራችሁና ከፈለጋችሁ ውቀሱኝ፤ ከእንግዲህ ብናገረው የሚቀየም ሰው የለም።

ከዚያ በፊት በነበረው መጸው እናቴ ኦሴ ታማ አልጋ ላይ ነበረች። አባባ በኦክቶበር መጀመሪያ አልደወለም። በሁለተኛው ሳምንትም አልደወለም። ጎረቤቱ ሁሉ የጎማ ሱሪውን አዘጋጅቶ ሲጠብቅ ሃያ አንደኛው ቀን ላይ ማዕበሉ መጣና በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ርብራብ ይዞ ሄደ። ወንበሩን ከሁለት መንደር ማዶ አገኘነው። በኖቬምበር እናቴ ሞተች። በፌብሩዋሪ የድልድዩ ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ነበር።

እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ሰዓት ሲዛነፍ ያመኛል። ያን ቀን ደግሞ ሐዘኑም ቁጣውም ውስጤ ተደባልቀው ነበር፤ የቱ እንዳናገረኝ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ሠላሳ ሰው ፊት ተነሥቼ «አባቴ ባሕሩን ማንበብ ተስኖታል፤ ሌላ አለቃ ይመረጥ» አልኩ። አንዱ ቀስ ብሎ የኔን ስም ጠራ። እኔን ለመምረጥ መጀመሪያ እጁን ያወጣው አባባ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቃል አልተነፈሰልኝም። እሁድ እሁድ ምግብ ሠርቼ እወስድለታለሁ። ይበላል፣ ሳህኑን አጥቦ ይሰጠኛል፣ በሩን ይከፍትልኛል። በቃ። ስምንት ወር እንዲህ ሄደ። ኩርፊያ ቢሆን እችለው ነበር፤ እኔም ማኩረፍ አያቅተኝም። እሱ ግን ቅስሙ የተሰበረ ሰው ነበር የሚመስለው፣ የሰበርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ያን ጠዋት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መጥቶ ከአንዱ ርብራብ አንዱን ጫፍ ይያዝልኝ። ከያዘ ያናግረኛል። ካልመጣ ግን ሰውዬው ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፣ ሌላ መጸው ይኑረን አይኑረን እንጃ። ስደውልለት ስልኩን አነሣ፤ «ዛሬ ነው» አልኩት፤ ዘጋው።

ሰዉ እስከ ደረት የሚደርሰውን የጎማ ሱሪ እየጎተተ፣ መፍቻውን ይዞ፣ ዳቦውን ጠቅልሎ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ የደረሰው ከኮፐንሃገን ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ የሆነው ኢንጂነሩ ኡፈ ነው። ዓይኑን ከስልኩ አይነቅልም።

«ነገ ማታ ከባድ ነፋስ አለ ይላል» አለን። «ዛሬ ካላነሣነው አለቀልን።»

«ስልክህን ተወውና ሱሪህን ሳብ፣ ወርዶብሃል» አለችው ቦዲል። ቦዲል ሰባ ዓመት ያለፋት ጡረተኛ አዋላጅ ናት፤ ግማሹን መንደር በእጇ ስለተቀበለችው ሁሉንም እንደ ልጇ ነው የምታናግረው። ከዚያ ድንገት ወደ ባሕሩ ቀና ብላ «ዶርተ፣ ያ አባትሽ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

አባባ ነበር። መቼ እንዳለፈን አላውቅም፤ ከድልድዩ ጫፍ ያለው ወንበር ላይ ያንን ረጅም ካፖርቱን እስከ አገጩ ቆልፎ ተቀምጧል። የገረመኝ አቀማመጡ ነው። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ወደ ባሕር ነው የሚዞረው። እሱ ለባሕሩ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ እኛ ዞሯል።

ድልድዩ ሁልጊዜ የሚፈታው ከጫፍ ነው። ከጫፉ የፈታነውን በቀረው ላይ እየተራመድን፣ እግራችን ሳይርስ ወደ መሬት እናመጣለን። አባባ የተቀመጠው እንግዲህ በትክክል መጀመሪያ መፈታት ባለበት ርብራብ ላይ ነው።

«እኔ ላናግራቸው» አለ ኡፈ። ሄደ። ሲቀመጥ አየነው። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ።

«ምን አለህ?» አለችው ቦዲል።

«ደህና አደርክ አሉኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምንም። ቦታ ለቀቁልኝ፣ ተቀመጥኩ፣ ዝም አልን። በጣም ደስ ይል ነበር እኮ። ከዚያ መጣሁ።»

«ጎበዝ! ይኼን ነው መላክ!» አለች ቦዲል።

እኔ ራሴ ሄድኩ። ሳንቃው ከጫማዬ ሥር ይንኳኳል፤ ግራና ቀኝ ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ ወለሉ ላይ የምትሄደውን ሸርጣን ማየት እችላለሁ። ፊቱ ቆምኩ።

«አባባ፣ መጀመር አለብን።»

ጆሮ ዳባ ልበስ። ከትከሻዬ በላይ ወደ ጉሙ ነው የሚያየው። አፉን ሊከፍት ነው መሰለኝ፣ አልከፈተም። ወይም እኔ አልጠበቅሁም። ደሜ ፈላ። ዞር ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ከመሬት በኩል እንጀምራለን!» ብዬ ጮህኩ። እንዲህ በረጋ ቀን ድምፅ ሩቅ ነው የሚሄደው፤ ዳክዬዎች ሳይቀሩ ሰሙኝ።

«ከመሬት?» አለች ቦዲል ስመለስ። «በዕድሜዬ ከመሬት ተጀምሮ አላየሁም። ሁሉንም ውሃ ውስጥ ቆመን ልንሸከም ነው?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«አለቃዋ እኔ ስለሆንኩ።»

«ወይ ጉድ። አባትየውስ እንዲህ አይጮህም ነበር» አለችና ሱሪዋን አጥብቃ ቀድማኝ ገባች።

እንዲህ ሆነ እንግዲህ። አንደኛውን ርብራብ ከጉልበት በታች በሆነ ውሃ ውስጥ ቆመን ፈታን። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ብሎኑን አንዱ ይፈታል፣ ሁለቱ ያነሣሉ፣ ተሸክመን ወደ ዳር። በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ሥራ የማይሞከር ነው፤ ማዕበሉ ሰውየውንም እንጨቱንም ይጥላል። ያን ቀን ግን ባሕሩ የሚቃወመን ነገር አልነበረውም። እንደውም ስንራመድ የምናነሣውን ትንሽዬ ሞገድ ሊያረጋጋ ቸኩሎ ነበር። ቀስ በቀስ ቀልዱም ቀነሰ። ሰው እንዲህ ባለ ጸጥታ ውስጥ ብዙ ከቆየ መጮህ ያሳፍረዋል። ዝይዎች በከፍታ ወደ ደቡብ አለፉ፤ የክንፋቸውን ድምፅ ሰማን። ሁላችንም ርብራቡን እንደተሸከምን አንጋጥጠን ቆመን ጠበቅናቸው፤ ማንም ሥራ ይቀጥል አላለም። ይህን ቀን የመረጥኩት እኔ እንደሆንኩ ሳስብ ትንሽ ኩራት ተሰማኝ፤ ወዲያው ደግሞ ቀና ስል አባባ ከሩቅ ወደ እኔ አቅጣጫ እያየ ነው፤ ኩራቴ ጠፋ።

እኩለ ቀን ላይ አሸዋው ላይ ተቀምጠን ጥቁር ዳቦ በሄሪንግ ዓሣ በላን። ጉሙ ከዳገቱ ላይ ተነሥቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ድልድዩ አሁን ከመሬት ተቆርጦ መሐል ባሕር ላይ የሚጀምር ሆኗል።

«አባትሽ በቀትሩ አንቀላፍቶ ይሆን?» አለች ቦዲል።

«አይ፣ ነቅተዋል» አለ ኡፈ። «ጉሙ ሲነሣ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። አይቻቸዋለሁ።»

ከምሳ በኋላ ወደ ስምንተኛው፣ ዘጠነኛውና አሥረኛው ደረስን። እነዚህ ማዕበሉ በበላቸው ፋንታ የተሠሩት አዲሶቹ ናቸው፤ እንጨታቸው ገና ነጣ ያለ ነው። ብሎናቸውን ስፈታ ቀና ብዬ ወደ ወንበሩ ለማየት አፈርኩ። ውሃው ደረቴ ደርሷል። አሥራ አንደኛውን አንሥተን ዳር ስንደርስ ዞር ብለን አየን። ከመሬት ሠላሳ አምስት ሜትር ያህል ርቆ አንድ ርብራብ፣ አንድ መሰላል፣ አንድ ወንበርና አንድ ሽማግሌ ባሕሩ ላይ ቀርተዋል። ከሥሩ ደግሞ ተገልብጦ ሌላ ሽማግሌ።

«እንግዲህ አባትሽን ደሴት አደረግሽው» አለች ቦዲል። «ባንዲራ እንላክለት ወይስ ትታረቂዋለሽ?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የቡና ፔርሙዙን ከራሴ በላይ ይዤ ብቻዬን ገባሁ።

እጫፉ ስደርስ ውሃው ብብቴ ሥር ነበር። ክርኖቼን ርብራቡ ላይ አስደግፌ ቡናውን ቀዳሁለት። ተቀበለኝ። ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ ነው።

«ከዳር ጀመርሽ» አለኝ።

በስምንት ወር የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እንዳያይ ፊቴን በውሃ አበስኩ።

«አንተ አልነሣም ስላልክ ነው።»

«መቼ አልኩ?»

«ዝም አልከኝ እኮ!»

«ትንሽ ጠብቂኝ ልልሽ አፌን ስከፍት ጀርባሽን ነው ያየሁት።» ቡናውን ፉት አለ። «ጉሙ ከቤቱ ላይ እስኪነሣ ነበር የፈለግሁት።»

«ለምን?»

በአገጩ ወደ ዳገቱ አሳየኝ። ዞርኩ። የወላጆቼ ቤት ነጭ ሆኖ ይታያል፤ የእንግዳ ክፍሉ ትልቁ መስኮት ላይ ፀሐይ አርፋበታለች። ከባሕሩ ዳር ሆነው ሲያዩት አጥሩና የፖሙ ዛፍ ይጋርዱታል። ከዚህ ጫፍ ብቻ ነው ሙሉ የሚታየው። እናቴ የታመመች ጊዜ አልጋዋን ያወረድነው እዚያ መስኮት ሥር ነው።

«እናትሽ ከዚያ ይህን ታይ ነበር» አለ አባባ። «እኔ ደግሞ ከዚህ ያንን ልይ ብዬ ነው።»

አልገባኝም፤ ወይም ሊገባኝ ጀምሮ ፈራሁ። እሱ ቀስ ብሎ ቀጠለ።

«አምና ኦክቶበር ዘጠኝ፣ ልክ እንደ ዛሬ ነበር። ከዛሬም ይበልጥ ነበር እንደውም። አንድ የባሕር ወፍ ውሃው ላይ ስታርፍ ክበቡ ዳር ድረስ ሲመጣ አየሁት። ስልኩን አነሣሁ። እናትሽ ‹ዛሬ ነው አይደል?› አለችኝ። አዎ አልኳት። ‹ትንሽ ይቆይልኝ› አለች። ስልኩን አስቀመጥኩት። ቀኑን ሙሉ አብረን ተቀምጠን ይህን ድልድይ ስናይ ዋልን። ምንም አልሠራንም። እንዲህ ያለ ቀን ከእናትሽ ጋር ውዬ አላውቅም፤ በአርባ ስምንት ዓመት። ሁልጊዜ በረጋ ቀን እኔ ድልድይ ስፈታ ነው የምውለው።»

እኔ ያን መጸው በየቀኑ እናቴ ጋር እሄድ ነበር። ግን የምሄደው አውቶቡሱን ካስገባሁ በኋላ ነው። ስደርስ መሽቶ መስኮቱ ጥቁር ነው፤ ራሴንና መብራቱን እንጂ ሌላ አይታየኝም ነበር። አልጋዋ ለምን ወደዚያ እንደዞረ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

«ማዕበሉ ሲመጣስ?» አልኩት።

«አየችው።» ፊቱ ፈታ አለ። «ትራሷ ላይ ቀና አደረግኋት። ስምንተኛው ሲነቀል ‹ስምንት!› ብላ ቆጠረች። ‹ዘጠኝ! ሲግቫልድ፣ ዘጠኝ ሄደ!› እንደ ልጅ ሳቀች። ወንበሩ ተገልብጦ ሲሄድማ ሳቋ ሳል እስኪሆን። ከዚያ በኋላ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«ለሠላሳ ሰው ምን ልበል? ሚስቴ ልታየው ስለፈለገች ይቆይ ልበል? ሁሉም እሺ ይሉኛል። ከዚያ ዳቦና አበባ ይዘው በራችን ድረስ ይመጣሉ። እሷ ሰው እንዲያዝንላት አትወድም፤ ታውቂያታለሽ። አንቺም ለነዚያ እንዳትነግሪ።»

«ለኔስ አባባ? ለኔ አትነግረኝም?»

የቡናውን ኩባያ በእጁ አዞረ። «ለአንቺ ልነግርሽ ነበር። ስብሰባው ካለቀ በኋላ፣ ቤት ስንገባ። አንቺ ግን ቀድመሽ ተነሣሽ።»

አሳዘነኝ ብል ያንሳል። ሠላሳ ሦስት ዓመት የገነባውን ስም ለአንዲት ሴት ሳቅ ሰጥቶ፣ ልጁ ሰው ፊት ስታዋርደው ጥርሱን ነክሶ እጁን ያወጣ ሰው ነው ፊቴ ያለው። እኔ ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ ምግብ በማመላለስ የምክስ መስሎኝ ነበር።

«ይቅር በለኝ» አልኩት። «ሳልጠይቅህ ነው የተናገርኩት። ይቅር በለኝ አባባ።»

እጁን ራሴ ላይ አደረገ። እርጥብ ፀጉሬን ትንሽ ነካክቶ አነሣው።

«ከንፈርሽ ሰማያዊ ሆኗል» አለ። «በይ ይህን እናንሣ።»

ተነሥቶ ካፖርቱን ፈታ። ከሥሩ የጎማ ሱሪውን እስከ ደረቱ ለብሷል፤ መፍቻው ኪሱ ውስጥ ነው።

«ከጠዋት ጀምሮ ለብሰኸው ነው?!»

«ታዲያ ምን ልሠራ የመጣሁ መሰለሽ? ከጫፍ የምትጀምሩ መስሎኝ ጫፉ ላይ ጠበቅኋችሁ።»

ባሕሩ ውስጥ ቆሜ እየሳቅሁ አለቀስኩ። ዳር ያሉት ምን እንደሆንን ሳይገባቸው እነሱም ሳቁ። ኡፈና ቦዲል መጡ። አባባ መሰላሉን በጀርባው ወርዶ ውሃው ውስጥ ቆመ፣ ብሎኖቹን ራሱ ፈታ፣ ማን የት እንደሚይዝ በጣቱ አሳየን። አራት ሆነን አነሣነው። የሱና የኔ ጫፍ ከፊት ነበር። እርምጃችንን አስማምተን ዳር ደረስን። ከኋላችን ባሕሩ ባዶ ሆነ፤ ድልድይ ኖሮበት የማያውቅ ይመስል ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ጀልባ ቤቱ ውስጥ ተሰብስበን መራራውን አረቄ በትንንሽ ብርጭቆ እንጠጣለን። ከዚያ አለቃው የድልድዩን ደብተር ይከፍታል። የአምናውን መስመር ያነባል፣ የዘንድሮውን ይጽፋል፣ ጽፎ ያነባል። በዓመት አንድ መስመር ነው፤ ሌላ ወግ የለንም።

ደብተሩን ከፈትኩ። የአምናው መስመር በአባባ እጅ ነው የተጻፈው። ያን ጊዜ መስማት አቅቶኝ ስለነበር ሲነበብ ውጭ ቆሜ ነበር። አሁን ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ድልድዩ ሳይነሣ ማዕበል መጣ። ሦስት ርብራብ ጠፋ። ጥፋቱ የኔ ነው። ሲግቫልድ።»

አባባ ብርጭቆውን ያያል። ለማንም አትንገሪ ብሎኛል፤ አልናገርም። ግን እንዲሁ ገጹን መግለጥም አልቻልኩም። እስክሪፕቶውን አነሣሁና «ጥፋቱ የኔ ነው» ከሚለው ሥር የአባቴን ስም ሰረዝኩ። በላዩ «ዶርተ» ብዬ ጻፍኩ። ያደረግሁትንም አነበብኩላቸው።

«ምን ማለት ነው?» አለ ኡፈ።

«ፌብሩዋሪ ላይ ተነሥቼ አባቴ ባሕሩን ማንበብ ተስኖታል ብዬ ነበር» አልኩ። «ልክ አልነበርኩም። አምናም ቀኑን በትክክል ያውቀው ነበር። ያላወቅሁት እኔ ነኝ። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።»

ቦዲል ልትጠይቅ አፏን ከፈተች። ወደ አባባ አየች፣ ከዚያ በክፍት በሩ ወደ ዳገቱ፣ በፖሙ ዛፍ ቅርንጫፎች መሐል ፀሐይ ገና ወዳልለቀቀችው መስኮት አየች። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት እናቴን የምታጥባት እሷ ነበረች። አፏን ዘጋችና የአባባን ብርጭቆ እስከ አፉ ሞላችው።

እኔ የዘንድሮውን መስመር ጻፍኩና አነበብኩ። «ቅዳሜ ኦክቶበር አሥራ አንድ። ነፋስ የለም። ውሃው አሥራ ሁለት ዲግሪ። አሥራ ሁለቱም ርብራብ ደህና ገብቷል።»

«አሥራ አንድ ተኩል» አለ አባባ።

ሁሉም ዞረ።

«ውሃው አሥራ አንድ ተኩል ነው» አለኝ፤ እኔን ብቻ እያየ። «አንቺ ከዳር ነው የለካሽው። የሚለካው ከጫፍ ነው።»

ሰርዤ አሥራ አንድ ተኩል ብዬ ጻፍኩ።